ስለ ጤና ማሻሻያ የውድድር ድርሰት፦ ከማስታወቂያው እስከ ማስረከቢያው

«ጤና ሀብት ነው።» ተማሪዎች ለውድድር የጻፏቸውን ድርሰቶች የማንበብ ዕድል ገጥሞኛል፤ በዚህ የሚጀምረው ወረቀት ስፍር ቁጥር የለውም። ቀጥሎ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና የሰጠው ፍቺ ይመጣል። ከዚያ «መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ይባልና ያልቃል። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ የብዙዎቹ አማርኛ ያምራል። ችግሩ የተጠየቁትን አለመመለሳቸው ነው። ጥያቄው ስለ ጤና ጥቅም አልነበረም። ምን ይቀየር? ማን ይቀይረው? ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ይኸው ነው።

መመሪያው ለሁለተኛ ደረጃና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። ምሳሌዎቹን ከኢትዮጵያ፣ አብዛኞቹንም ከማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን (ቤተሰቦች በየዓመቱ መዋጮ እየከፈሉ ከሚታከሙበት ሥርዓት) ወስጃለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሦስት ሳምንት ካላችሁ ሳትጣደፉ ትጨርሳላችሁ። ከዚያ ያነሰ ከቀራችሁ ደረጃ 2፣ 3 እና 5ን እንዳትዘሉ፤ ሌላው ላይ መቆጠብ ይቻላል።

ደረጃ 1፦ ማስታወቂያውን እንደ ውል አንብቡት

ማስታወቂያውን በስልክ ፎቶ አንስቶ መተው አይበቃም። እነዚህን በደብተራችሁ በእጃችሁ ገልብጡ፦

- የድርሰቱ ርዕስ፣ ቃል በቃል
- የቃላት ወይም የገጽ ገደብ
- ቋንቋው፣ የፊደሉ መጠንና የመስመሩ ክፍተት
- መወዳደር የሚችለው ማን እንደሆነ (ክፍል፣ ዕድሜ፣ ትምህርት ቤት)
- የማስረከቢያው ቀን፣ ሰዓትና መንገድ

ከዚያ ርዕሱ ውስጥ ያለውን ግሥ አስምሩበት። «አብራሩ» ከተባለ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ነው። «ገምግሙ» ከተባለ የሠራውንና ያልሠራውን መለየት ነው። «የመፍትሔ ሐሳብ አቅርቡ» ከተባለ ደግሞ ከድርሰቱ ግማሽ ያህሉ መፍትሔው ላይ መዋል አለበት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህኛው ላይ ነው፤ ዘጠኝ አንቀጽ ችግር ይደረድርና ለመፍትሔው አንድ አንቀጽ ይተዋል።

ሰዓቱን ተጠንቀቁ። «እስከ 6 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ቀትር ማለቱ ነው ወይስ እኩለ ሌሊት? በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ ከሆነ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ቀኑም እንደዚያው። እኔ ተማሪ ሳለሁ የ«12 ሰዓት» ማስረከቢያን የማታ 12 ነው ብዬ ተዝናንቼ ስሄድ በሩ ከተዘጋ ስድስት ሰዓት አልፎት ነበር። ግልጽ ካልሆነላችሁ አዘጋጆቹን ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ብትቀበሉት ይሻላል፤ በስልክ የተነገረን ነገር በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ደረጃ 2፦ አንድ የተሰበረ ቦታ ምረጡ

«የኢትዮጵያን የጤና ሥርዓት ማሻሻል» የድርሰት ርዕስ አይደለም። የሚኒስቴር ዕቅድ ነው። እናንተ ያላችሁ ምናልባት ሺህ ቃል ቢሆን ነው።

ለማጥበብ በሽተኛውን ተከተሉ። አንድ ሰው ታሞ ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ መድኃኒቱን ይዞ እስኪመለስ ድረስ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች በወረቀት ላይ በተርታ ጻፉ። ትራንስፖርት፣ ካርድ ክፍል፣ ወረፋ፣ ምርመራ፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ክፍል፣ ሪፈር ከተባለም እንደገና ትራንስፖርት። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኔ በማውቀው ሰፈር ሰው የሚሰናከለው የቱ ላይ ነው? አንዱን ክበቡበት። ሁለት እንዳትከቡ።

አጠባበቡ ይህን ይመስላል፦

- በጣም ሰፊ፦ የጤና አገልግሎት ችግሮች
- አሁንም ሰፊ፦ የጤና መድን ችግሮች
- ልክ፦ የመድን አባላት ጤና ጣቢያው «መድኃኒቱ የለም» ሲላቸው ከግል መድኃኒት ቤት ከኪሳቸው መግዛታቸው

የመጨረሻው ላይ ሥዕል ይታያል። አንዲት እናት መዋጮዋን ከፍላለች፣ የመድን መታወቂያዋን ይዛለች፣ ተመርምራለች፤ በእጇ ያለው ግን ማዘዣ ብቻ ነው። ዳኛው ይህን ሲያነብ ቀና ብሎ ይቀመጣል።

የመረጣችሁትን በሦስት ጥያቄ ፈትኑት። አንድ፣ ራሴ አይቼዋለሁ ወይም ያየው ሰው አውቃለሁ? ሁለት፣ ሊቀይረው የሚችል አካል በስሙ መጥራት እችላለሁ? ወረዳው ነው፣ ጤና ጣቢያው ነው፣ መድኑ ነው? ሦስት፣ በቃላት ገደቡ ውስጥ ይጨረሳል? አንዱ ላይ «አይ» ካላችሁ ወደ ዝርዝራችሁ ተመለሱ።

ርዕሱ በአዘጋጆቹ ተቆርጦ የተሰጠ ከሆነስ? ለምሳሌ «ለሁሉም የሚዳረስ የጤና አገልግሎት»። ያኔ ርዕሱን አትቀይሩትም፤ ግን መግቢያው ላይ «እኔ የማተኩረው እዚህ ላይ ነው» ብላችሁ በግልጽ ታጠባላችሁ።

ደረጃ 3፦ ቀድሞ ያለውን እወቁ

ድርሰትን ከሚጥሉ ነገሮች አንደኛው ይህ ነው። ተወዳዳሪው ከዓመታት በፊት የተጀመረ ነገርን አዲስ ግኝት አድርጎ ያቀርባል። «በየቀበሌው የጤና ባለሙያ ይመደብ» ይላል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እኮ ከ2003 ጀምሮ አለ። በአብዛኛው የገጠር ቀበሌ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴት ሠራተኞች በመንግሥት ደመወዝ ተመድበዋል። ስለዚህ «ይመደብ» ማለት ዋጋ የለውም። «ተመድበው ሳለ ይህ ለምን አልተሟላም?» ማለት ግን ዋጋ አለው።

ቢያንስ እነዚህን ሳታውቁ አትጻፉ፦

የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ። በ1998 የወጣ ነው። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሚሰበስቡትን ገቢ ለገንዘብ ቢሮ ከማስገባት ይልቅ ለራሳቸው አገልግሎት እንዲያውሉት መሠረት የጣለው እሱ ነው። ስለ ጤና ጣቢያ ገንዘብ የምትጽፉ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ።

በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች። ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ በጤና ጣቢያ መውለድ። እነዚህ ለሀብታምም ለድሃም ነፃ ናቸው። መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ከሚሰጠው የነፃ ሕክምና ወረቀት ጋር አታምታቷቸው፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን። በ2011 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ከተሞች ተስፋፋ። ለአርሶ አደሩና በግሉ ሠርቶ ለሚያድረው ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ መዋጮው በዓመት ይከፈላል። መክፈል የማይችሉ ድሆች ተለይተው መንግሥት ይከፍልላቸዋል።

ማኅበራዊ የጤና መድን። ይህኛው ለደመወዝተኛው ነው። አዋጁ፣ ቁጥር 690፣ በ2010 ወጣ። በደንቡ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ተደነገገ። ሆኖም ለዓመታት ሳይተገበር ቆየ። ተማሪዎች ሁለቱን መድኖች እያደበላለቁ «የጤና መድን» ይሏቸዋል። የቱን እንደሆነ ስሙን ሙሉ ጻፉ።

የአቡጃ ቃል። በ2001 የአፍሪካ መሪዎች ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶ ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል። ሁሉም ተወዳዳሪ ይጠቅሰዋል። «ከየትኛው በጀት ላይ ይቀነስ?» የሚለውን ካልመለሳችሁ ግን እናንተ ተዉት።

ደረጃ 4፦ ቁጥርም ሰውም ያዙ

አንድ ጥሩ ቁጥርና አንድ ጥሩ ምስክር ከአሥር ቁጥር ይበልጣሉ።

ቁጥሩን በትክክል አንብቡት። ለምሳሌ የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የእናቶችን ሞት 412 ይላል። ብዙ ድርሰት ላይ «በዓመት 412 እናቶች ይሞታሉ» ተብሎ ይጻፋል። ስህተት ነው። በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሚሞቱ እናቶች ቁጥር ነው። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ሌላ ምሳሌ፦ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2016ቱ ዳሰሳ 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ 48 በመቶ ደረሱ። ይህም ቢሆን የዚያ ዓመት ወሊድ ብቻ አይደለም፤ ከዳሰሳው በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት የተወለዱትን ይይዛል። አንድ ቁጥር ስትጽፉ «ከምን ውስጥ? በየትኛው ጊዜ? ማን ለካው?» በሉ። ሦስቱን መመለስ ካልቻላችሁ ቁጥሩን አውጡት።

የዘመን አቆጣጠሩንም አደራ። የመንግሥት ሪፖርት በኢትዮጵያ በጀት ዓመት ነው የሚጻፈው፤ ዓለም አቀፉ በፈረንጅ። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና ሁሉንም ወደ እሱ ቀይሩ።

ቻትጂፒቲን ቁጥር አትጠይቁት። ከየትም ያላገኘውን አኃዝ እርግጠኛ ሆኖ ይነግራችኋል። ዳኛው አንዱን ፈልጎ ካጣው ደግሞ ሌላውንም አያምንላችሁም።

ለሰው ምስክር ከታች ጀምሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ የመድን አባል የሆነ ጎረቤት፣ ለሰፈሩ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው። ከቢሮ ኃላፊ ይልቅ እነዚህ ናቸው የሚያውቁት። አራት ጥያቄ ይበቃል፦

1. መጨረሻ ጊዜ ስትታከሙ ምን ሆነ? (በቅደም ተከተል)
2. ከኪሳችሁ ስንት ወጣ? ለምን?
3. ዘንድሮ መዋጮውን አደሳችሁ? ካላደሳችሁ ለምን?
4. አንድ ነገር ቢቀየር የቱ ይቀየር ትላላችሁ?

«ስለ ጤና መድን ምን ያስባሉ?» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። «ጥሩ ነው፣ ተመስገን» ይሏችሁና ቡና ጠጥታችሁ ትወጣላችሁ።

ቢሮ ሄዳችሁ «ደብዳቤ አምጣ» ካሏችሁ አትከራከሩ። ከትምህርት ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ይህ ራሱ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁት። ደብዳቤው ካልደረሰ የተቋሙን መረጃ ትታችሁ ቤተሰቦችን አነጋግሩ።

ሁለት ነገር ክልክል ነው። የታማሚ ስም አይጻፍ፤ «በሰፈሬ የሚኖሩ የ52 ዓመት እናት» በቂ ነው። ጤና ተቋም ውስጥ ያለ ፈቃድ ፎቶ አይነሳም፤ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀትም ቢሆን።

ደረጃ 5፦ አቋማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ሂሳቡንም ሥሩ

ዓረፍተ ነገሩ አራት ነገር ይያዝ፦ ማን፣ ምን ያድርግ፣ በምን ገንዘብ፣ ለማን።

ደካማ፦ «የጤና መድን አገልግሎት መሻሻል አለበት።»

ጠንካራ፦ «የወረዳው መድን፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት አባላት ውል ከተያዘለት መድኃኒት ቤት ያለ ክፍያ እንዲወስዱ ያድርግ፤ ወጪውም ከመዋጮው ላይ በሚደረግ መጠነኛ ጭማሪ ይሸፈን።»

የመጀመሪያውን ማንም አይቃወመውም። ሁለተኛውን መቃወም ይቻላል። የውድድር ድርሰት አቋም ሊቃወሙት የሚቻል መሆን አለበት።

አሁን ሂሳቡ። እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ሰው የሚሸሸው። ቁጥሮቹ ከወረዳችሁ ቢገኙ መልካም፤ ካልተገኙ «እንበል» ብላችሁ ግምት መሆኑን በግልጽ ጽፋችሁ ሥሩ። እንደዚህ፦

እንበል በወረዳው 8,000 ቤተሰብ አባል ነው። እያንዳንዱ በዓመት 600 ብር ያዋጣል። 4,800,000 ብር ይሆናል። አባላቱ በዓመት 20,000 ጊዜ ቢታከሙና የአንዱ ሕክምና አማካይ ወጪ 220 ብር ቢሆን 4,400,000 ብር ይወጣል። 400,000 ብር ተረፈ። ከአምስት ታካሚ አንዱ፣ ማለትም 4,000 ጊዜ፣ መድኃኒት ከውጭ ቢታዘዝና አማካይ ዋጋው 150 ብር ቢሆን 600,000 ብር ያስፈልጋል። ስለዚህ 200,000 ብር ይጎድላል። ለ8,000 ቤተሰብ ሲካፈል በዓመት 25 ብር ነው።

አያችሁ? «መዋጮው ትንሽ ይጨምር» ከሚለው ወደ «በቤተሰብ 25 ብር» መጣን። ስድስት መስመር ነው የወሰደው።

ሂሳቡ እምቢ ቢላችሁስ? ለምሳሌ በቤተሰብ 900 ብር ጭማሪ ቢመጣ? ቁጥሩን አታጣሙት። ሐሳቡን አጥብቡት፤ ለሁሉም መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ ለደም ግፊትና ለስኳር መድኃኒቶች ብቻ አድርጉት። እንደገና ሥሩ።

ደረጃ 6፦ ከመሃል ጀምራችሁ ጻፉ

መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፉት። ባዶ ወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት የሚያስቀምጠው መግቢያ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦

1. የመፍትሔውን አንቀጾች (ማን፣ እንዴት፣ በምን ገንዘብ)
2. የችግሩን አንቀጾች (ምስክሩና ቁጥሩ)
3. ተቃውሞውና ምላሹ
4. መደምደሚያው
5. መግቢያው

በእያንዳንዱ አንቀጽ መጀመሪያ ኃይለ ቃሉ ይቀመጥ። የአንቀጾቹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ለብቻ አውጥታችሁ አንብቡ። ክርክሩ ከነሱ ብቻ መረዳት ካልተቻለ አንቀጾቹ ቦታቸው ላይ አይደሉም።

ተቃውሞውን ከልባችሁ ጻፉት። «አንዳንዶች ይቃወማሉ፤ ግን ተሳስተዋል» አይሠራም። ጠንከር ያለውን ፈልጉ። መድኃኒት ከውጭ በነፃ ይወሰድ ስትሉ አንድ የመድን ባለሙያ ወዲያው የሚላችሁ «የሐሰት ማዘዣ ይበዛል» ነው። ትክክል ነው። ስለዚህ መልሱ ሐሳባችሁ ውስጥ ይግባ፦ ጤና ጣቢያው «የለም» ብሎ ማህተም የመታበት ማዘዣ ብቻ ይቀበል፣ ውሉም ከአንድ ወይም ከሁለት መድኃኒት ቤት ጋር ይሁን።

ሌላው ሁሌ የሚነሳ ጉዳይ አለ። አባልነት በፈቃድ ሲሆን የታመመው ይገባል፣ ጤነኛው ይቀራል። ወጪው ይጨምራል፣ መዋጮው አይጨምርም። ይህን ለማስረዳት የባዕድ ቃል አትፈልጉ፤ ዕድር አለላችሁ። ሰው ሲሞትበት ብቻ የሚመዘገብ አባል ያለው ዕድር ስንት ወር ይቆያል? ዳኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል።

መግቢያው ላይ ፍቺ አታስገቡ። ካነጋገራችኋቸው ሰዎች አንዱን በሦስት መስመር አስቀምጡና ወዲያው አቋማችሁን ተናገሩ።

ስድብ አይግባ። «ሐኪሞቹ ግዴለሾች ናቸው»፣ «ኃላፊዎቹ ሌቦች ናቸው» የሚል ድርሰት አንብቤ አውቃለሁ፤ ንዴቱ ይገባኛል። ግን ሐኪሙ በቀን ስንት ሰው እንደሚያይ ያልጠየቀ ጸሐፊ ነበር።

ደረጃ 7፦ አርሙ

አንድ ቀን አሳድሩት። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ትንፋሽ ያጠራችሁበት ዓረፍተ ነገር ሁለት መሆን አለበት።

«ከጊዜ ወደ ጊዜ»፣ «እንደሚታወቀው»፣ «የማይናቅ ሚና»፣ «ርብርብ» የሚሉትን ፈልጋችሁ ሰርዙ። ምንም አይጎድልም።

ድርሰቱን ጉዳዩን ለማያውቅ አንድ ሰው ስጡ። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይወዱላችኋል። «ምን ይቀየር ነው ያልኩት?» በሉ። መመለስ ካልቻሉ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ቃላት ከበለጡባችሁ ከችግሩ ክፍል ቀንሱ። ከመፍትሔው አትንኩ።

ደረጃ 8፦ ፋይሉን አዘጋጁና አስረክቡ

ጥሩ ድርሰት ፋይል ላይ ሲሞት ማየት ያሳዝናል። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። በዩኒኮድ ፊደል ጻፉ፤ ኒያላ ወይም ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ ይሆናል። ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩና በሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍታችሁ እዩት።

ቃላትን በሁለት ነጥብ (፡) የምትለዩ ከሆነ ክፍት ቦታም መኖሩን አረጋግጡ። አለበለዚያ ኮምፒውተሩ መስመሩን ሙሉ እንደ አንድ ቃል ሊቆጥረው ይችላል። 1,800 ቃል ጽፋችሁ «400» ብሎ ያታልላችኋል።

ስማችሁ ድርሰቱ ላይ እንዳይኖር ከተባለ የፋይሉ ስም ላይም አይኑር። የራሳችሁን ስም በፋይል ስም አድርጎ መላክ የተለመደ ስህተት ነው።

ከማስረከቢያው አንድ ቀን ቀድማችሁ ላኩ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ቅጹም መጨረሻው ሰዓት ላይ ይጨናነቃል። በኢሜይል ከሆነ ከላካችሁ በኋላ «የተላኩ» ውስጥ ገብታችሁ ፋይሉን ራሳችሁ አውርዳችሁ ክፈቱት። በእጅ ከሆነ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና አንደኛው ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ፊርማ እንዲያኖርበት ጠይቁ። «አያስፈልግም» ቢላችሁ ስሙንና ሰዓቱን እዚያው በሩ ላይ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።